የእናቴ ፍንጭት

ዶክተሯ ትንሿን ጠርሙስ ስትከፍት የቅርንፉድ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ምላሴም ሳላዛት ወደ ላይኛው ድዴ ሄዳ እዚያው ተለጠፈች። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሰው ሻይ ውስጥ ቅርንፉድ ሲሸተው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ሰርግ ቤት እንኳ ሻይ ሲቀዳ አፌን ገጥሜ ጉንጬን በእጄ እይዛለሁ፤ ባለቤቴም «አንቺን ጋብዞ ማስደሰት እንዴት ያለ መከራ ነው» ይለኛል። ዛሬ ጉንጬን የምይዝበት ፋታ አልነበረኝም። ከፍ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጄ ፍሬ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከንፈሯን ገጥማ ዶክተሯን በዐይኗ ትለማመጣለች። ከአጠገቧ በብረት ሳህን ላይ፣ የጣት ጥፍር የማታክል፣ ቀጭን የሽቦ ጆሮ ያላት የብረት ቀለበት ተቀምጣለች። አባቴ በሩ ሥር ወንበር ይዞ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ፣ አንገቱን አስግጓል። ሁላችንም የምናየው ያችን ቀለበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍሬ የወተት መንጋጋዎች አንዱ ተበልቶ ተበልቶ መግል ቋጠረና ተነቀለ። ተተኪው ገና ድዷ ውስጥ ነው፤ ለመውጣት ዓመታት ይቀሩታል። ዶክተሯ ገና ወጣት ልጅ ናት፤ ያኔ ለእኔና ለአባቴ ስታስረዳን በምሳሌ የጠራችው የሚኒባስ ወንበር ነበር። ተጣበው ከተቀመጡበት ወንበር አንዱ ሲወርድ የቀሩት ሳይታወቃቸው ዘርጋ ዘርጋ ይላሉ፤ ኋላ ባለቦታው ሲመለስ መቀመጫ የለውም። ጥርስም እንደዚያው ነው አለች፤ ከኋላ ያለው ወደፊት ያዘነብላል፣ አዲሱ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል፣ ወይ ድድ ውስጥ ይቀራል ወይ ከሰልፉ ወጥቶ ይበቅላል። ስለዚህ ባለቤቱ እስኪመጣ ቦታውን የሚይዝለት ቀለበት ያስፈልጋል። የአፏን ልክ ወስዳ ደሴ ወዳለ ጥርስ የሚሠራ ቤት ላከች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል መልሶ ተዘጋ፤ ቀለበቷ ወልድያ ደርሳ ቀረች ተባለ፤ ጥርስ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። አባቴ በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄደ ያገኘውን ሾፌር ሁሉ ሲጠይቅ ሳምንታት አለፉ። አሁን ቀለበቷ መጥታለች፤ ቦታው ከጠበበ ግን አትገባም፤ ካልገባች ደግሞ ቀጣዩ ሥራ እዚህ ላሊበላ የሚሠራ አይደለም ብላናለች ዶክተሯ። መግባት አለመግባቷን የምናውቀው አሁን ነው። ፍሬ ደግሞ አፌን አልከፍትም ብላለች።

እኔ ያደግሁት ከላሊበላ ወጣ ብላ ገነተ ማርያም አጠገብ ባለች መንደር ነው። አባቴ ሞላ ግንበኛ ነበር። ከቀዩ ድንጋያችን ጋር እንደ ሰው ይነጋገር ነበር፤ አንዱን አንስቶ ያገላብጥና «አንተ ለማዕዘን አልተፈጠርክም» ብሎ ወደ ክምሩ ይመልሰዋል። የሱ ግንብ የሚታወቀው በሽብልቁ ነው፤ ሽብልቅ ማለት ሁለት ድንጋይ መሀል ክፍት እንዳይቀር የሚሰገሰግ ትንሽ ስንጣሪ ድንጋይ ነው። ከቆመ ግንብ ላይ አንድ ድንጋይ ለመቀየር ሲነሳ እንኳ፣ ሌላው እስኪመጣ ቦታውን በሽብልቅ ሳያስይዝ ወደ ምሳው አይሄድም ነበር። መንገድ ላይ የሌላ ግንበኛ አጥር ሲያይ ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ እኔም አብሬው ቆሜ፣ ምኑ እንደተበላሸ ሳላውቅ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

እናቴ ወርቅነሽ የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እትዬ ስንዱ ናት፤ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ለስላሳ የሆነ ሴት። የእናቴን ፊት አላውቀውም። ስለ እሷ ብዙ ተነግሮኛል፤ ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፣ እጇ ይጣፍጥ ነበር፤ ይኼ ስለ ሞተች ሴት ሁሉ የሚባል ነው። የእሷ ብቻ የነበረው አንድ ነገር ፍንጭቷ ነው። በእኛ አገር የፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍት ያላት ሴት ሌላ ጌጥ አያስፈልጋትም፤ ስትስቅ ያየ ሁሉ ያወራላታል። የእናቴን ደግሞ እስከ ደጋዋ ሙጃ ድረስ ያወሩላት ነበር።

ፎቶ የላትም። ላሊበላ ፎቶ የማይነሳ ፍጥረት የለም፤ ቄሱ ይነሳል፣ ምእመኑ ይነሳል፣ አህያው ይነሳል፤ የተነሳውን ፎቶ ያየ ሰው ግን የለም፣ ሁሉም በአውሮፕላን ይሄዳል። እናቴም አንድ ቀን ተነስታ ነበር፤ አባቴ ምሽት ምሽት ከሥራ ሲመለስ፣ እግሩን ታጥቦ እራት እስኪቀርብ፣ የሚነግረኝ ታሪክ ይኼው ነበር።

በቅዳሜ ገበያ ከሙጃ ገብስ ጭኖ የመጣ አንድ ሰውዬ ነበር። አንድ ፈረንጅ ካሜራውን ወደ አህያዋ ሲያዞር ሰውዬው «ቆይ!» ይልና በጋቢው ጫፍ ዐይኗን ይጠርግላታል፣ ጆሮዋን ያቃናላታል። ፈረንጁ እንደገና ሲያነጣጥር ሰውዬው «ቆይ! አልሳቀችም እኮ!» ይልና ሆዷን ይኮረኩራታል። አህያዋ ስትፈናጠር ሰውዬውም ገብሱም አንድ ላይ መሬት ላይ ይዘረገፋሉ፤ እሷም ራሷን ወደ ሰማይ አንስታ፣ ጥርሷን አንድም ሳታስቀር አሳይታ ታናፋለች። ሰውዬው ገብሱ ውስጥ እንደተጋደመ «ይኸው ሳቀች! በላ አንሳት!» ብሎ ይጮኻል። አባቴ እዚህ ሲደርስ አገጩን ቀና አድርጎ ያናፋል፤ የጎረቤት አህዮች እስኪመልሱለት ድረስ። ያን ጊዜ ገብስ ልትገዛ አጠገቡ ቆማ የነበረች አንዲት ልጅ በሳቅ ፈረሰች፤ ፈረንጁም አህያዋን ትቶ ካሜራውን ወደ ልጅቷ አዞረ። ልጅቷ እናቴ ናት፤ መዶሻውን በትከሻው ይዞ ከኋላ ያያት የነበረው አባቴ ነው፤ መጀመሪያ ያያት ያን ቀን ነበር። ፈረንጁ «ፎቶውን እልካለሁ» አለ ብሎ አስጎብኚው ነግሯቸዋል። እስካሁን አልደረሰም። እኔ በልጅነቴ ይኼ የአህያ ታሪክ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ በየምሽቱ ወደዚያ ገበያ የሚመለሰው ማንን ሊያይ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ሲሉ መሀላቸው ክፍት ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ ያየችው እትዬ ስንዱ ናት፤ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ መጣ። «ወርቄ መጣችልን!» ትላለች፣ አንዱን ተቀብላ ወደ እኔ እየገፋች፤ እኔም ለመጣው ሁሉ ጥርሴን አሳያለሁ። አባቴ ያን ምሽት የአህያዋን ታሪክ ሲነግረኝ ኩራዙን ወደ ፊቴ ጠጋ አደረገው፤ ስስቅ አየኝ፤ አናፋ፣ እንደገና አናፋ፤ እንባው በጉንጩ ላይ ሲወርድ ከማናፋቱ ብዛት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ወግ ጀመረ፤ ከመንገድ ዳር ሰንበሌጥ ይቆርጥና «እስቲ ኢ በይ» ይለኛል፤ ዘንጓን በፊት ጥርሶቼ መሀል ያሳልፋታል። ስታልፍ «ደህና ነው» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። እኔም ደህና የሆነው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። የራሴ ጥርስ እንዳልሆነ፣ በአደራ እንደተሰጠኝ፣ ወድቄ ብሰብረው እናቴን እንደምሰብራት አውቅ ነበር፤ ከእኩዮቼ ጋር ስሮጥ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እሮጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ፈተናው የመጣው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። ገነተ ማርያም ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች ከረሜላ ይሰጡን ነበር፤ እኛም እንደ ዝንብ ነበርን፤ ጉንጫችን ውስጥ ወትፈን አናላምጠውም፣ ቶሎ እንዳያልቅብን። የላይኛው የወተት መንጋጋዬ ተቦረቦረ። እትዬ ስንዱ ቅርንፉድ ወቅጣ ጉድጓዱ ውስጥ ትጠቀጥቅልኛለች፤ አፌ ይቃጠላል፣ ጥዝጣዜው ጥቂት ጋብ ይላል፣ መልሶ ይነሳል። ክረምቱ ገባ። በፍልሰታ ጾም መሀል፣ እኛ ልጆች ለመቁረብ እስከ ቀትር ጾመን በምንውልበት ሰሞን፣ ጉንጬ አብጦ አንድ ዐይኔ ተከደነ። ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ጠበል ተረጨሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ታሰረልኝ፤ ምንም የለም። ከኛ በታች ካሉት ቤቶች የአንዱ ልጅ በዚሁ በጥርስ ሰበብ አብጦ ሞቶ ነበር፤ ማንም ስሙን አይጠራም፣ ሁሉም ግን እኔን እያየ የሚያስበው እሱን ነው። አባቴ ሥራ አልሄደም። ጭቃ ተቦክቶ ሲጠብቀው አለመሄዱን ሳይ ነው የፈራሁት።

ቅዳሜ ማለዳ በጀርባው አዝሎኝ ወደ ላሊበላ ገበያ ወረድን፤ እትዬ ስንዱ ዣንጥላ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ከገበያው በታች ወይራ ሥር የሚቀመጡ አያ ደርሶ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ወታደር ሳሉ የጦር ሜዳ ሐኪም ያግዙ ነበር ይባላል፤ ከዚያ ያመጡት ጉጠት እስከዚያ ጊዜ ድረስ የላስታን ጥርስ ሲነቅል ይኖር ነበር። ጉጠታቸውን በአረቄ አጥበው ቀረብ ሲሉ አባቴ ያዛቸው።

«አያ ደርሶ፣ የፊቷን አይነካብኝም?»

«የፊቱን ማን ነካው! ይኼ እኮ የወተት ነው ሞላ። የወተት ጥርስ ምን ቁም ነገር አለው? ይወጣል፣ ሌላው ይበቅላልሳ!»

ነቀሉት። ሕመሙን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ድምፁን ነው፣ በገዛ ራሴ ጭንቅላት ውስጥ እንጨት ሲሰነጠቅ የሰማሁትን፤ ከዚያም መግሉ ሲፈስ የተሰማኝን እፎይታ። አልቅሼ ሳልጨርስ አያ ደርሶ በወዲያኛው በኩል ጣታቸውን ሰደው «ይኼም ጀምሮታል» አሉ። አባቴ መቼ አመማት አላቸው። አንዱ ከታመመ ጓደኛው መከተሉ አይቀርም፣ ሌላ ክረምት ሌላ ልቅሶ ከምታይ ከመጣችሁ አይቀር ይነቀል አሉት። አባቴ እኔን አየኝ፤ ያበጠውን ጉንጬን፣ የተከደነውን ዐይኔን። እትዬ ስንዱን አያት። እሷም የምታስበው ያንን ስሙ የማይጠራውን ልጅ እንደነበር ፊቷ ላይ ይነበባል፤ «የወተት ነው አሉ እኮ ወንድምዓለም» አለችው። የአባቴን ጋቢ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ አይሆንም እንዲላቸው በልቤ እለምነው ነበር፤ ትንፋሹ ሲቆምና መልሶ ሲቀጥል ጀርባው ላይ በያዝኩት እጄ ተሰማኝ።

«እንግዲያው አንዴ ይለፍላት» አለ።

ጤነኛውን ጎን ሲነቅሉት ነው የጮኽኩት።

በእኛ አገር የወለቀ የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ ይወረወራል፤ ክፉውን ወስደህ ደጉን መልስልኝ ይባላል፤ ከዚያ መርሳት ነው። ሰው ሁሉ የሚወረውረው የሳር ክዳን ላይ ስለሆነ ጥርሱ ሄዶ ይቀራል። አባቴ ግን በዚያ ዓመት ቤታችንን ቆርቆሮ አልብሶት ነበር፤ በመንደራችን የመጀመሪያው ነው፤ ያለ ቅጥ ኮርተንበታል። ቤት ስንደርስ አንዱን ጥርሴን ወረወርኩት፤ ቆርቆሮው ላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተንሸራቶ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። እትዬ ስንዱ ሳቀች። ሁለተኛውን ወረወርኩ፤ እሱም መጣ። አሁን አልሳቀችም፤ አማተበች። አባቴ ጥርሶቹን ከመዳፌ ወሰዳቸው፣ መሰላል አቁሞ ወጣ፣ የጣሪያው ጫፍ ከግንቡ ጋር በሚጋጠምበት ስንጥቅ ውስጥ አስገባቸው፤ ወደ ታችም ጮኾ «ድንጋይ አቀብይኝ፣ ትንሽ» አለኝ። በሽብልቅ አጥብቆ አስቀመጣቸው። ወርዶ እጁን ሲያራግፍ «አሁን የትም አይሄዱም» አለ፤ ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው ፊት ነበረው። አፌ ውስጥ የቀረውን ክፍት ማን ይሽበልቀው ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም የነገረን የለም።

ጉንጬ ጎደለ፤ ክረምቱ አለፈ፤ አያ ደርሶ ሕይወቴን አተረፉልኝ፣ ይኼን አልክድም። እሑድ እሑድ ሰንበሌጧ ማለፏን ቀጠለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ማለፏ ቀርቶ መታሸት ጀመረች። አባቴ ዘንጓን አገላብጦ ያያታል፣ ወፈረች ይላል፣ ቀጠን ያለች ይቆርጣል፤ ያቺ ታልፋለች፤ «ደህና ነው» ይላል፤ አባባሉ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፣ እየጠየቀኝ ነበር። የኋላ ጥርሶቼ በባዶው ቦታ ወደፊት ተራምደው ኖሯል፤ ክራንቻዎቼ ሲመጡ የሚቆሙበት አጥተው ከሰልፉ በላይ ድዴን ቀደው ወጡ፤ ፊተኞቹን ከግራም ከቀኝም ገፏቸው። እኔ ማታ ማታ ሁለቱን የፊት ጥርሶቼን በአውራ ጣቶቼ ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ እተኛ ነበር። ለእመቤታችን ተስያለሁ፤ ስለቴ ሻማ ነበር፣ ሻማውን የምገዛበት እንኳ አልነበረኝም።

አንድ እሑድ ሰንበሌጧ አላለፈችም። አባቴ ሌላ ቆረጠ። ከዚያ የሳር ስንጥር ፈለገ። ከዚያ መንገድ ዳር ተቀምጦ ከጋቢው ላይ ክር መዘዘ፤ የአፌን ጥግ በወፍራም ጣቱ ወደ ላይ ይዞ ክሩን ሞከረ፤ ክሩ ተበጠሰ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ሰላም እያሉን አለፉ። ተነስቶ ልብሱን አራገፈና «ይበቃል» አለ።

ያን ምሽት እግሩን ታጠበ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጠበቅሁ። ኩራዙ ይጨሳል፣ እትዬ ስንዱ ጓዳ ዕቃ ታንኳኳለች።

«አባባ፣ አህያዋስ?» አልኩት።

«ሞተች» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ቤታችን ውስጥ አህያ አናፍቶ አያውቅም። ክፉ አባት አልሆነብኝም፤ አስተምሮኛል፣ ድሮኛል፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን እሱ ነው በትከሻው ተሸክሞ ሱቄ ያደረሰልኝ። አፌን ግን አያይም። ስናገር ግንባሬን ነው የሚያየው። እኔም አፌን በነጠላዬ መሸፈን ለመድኩ፤ ሳቅ ሲመጣብኝ ዋጥ አደርገዋለሁ፤ ደንበኞቼ ጨዋ ሴት ይሉኛል፤ ባለቤቴ ጥርሴን አስተካክሎ ያየው ከተጋባን በኋላ ነው፣ «ደብቀሽ የሸጥሽልኝ ድርብ ጥርስ» እያለ ይቀልድብኛል። በቀልዱም በነጠላዬ ሥር ነው የምስቀው። እትዬ ስንዱ ከመሞቷ በፊት እጄን ይዛ «እኔ ነኝ የወተት ነው ያልኩት» አለችኝ። ማንም ቢሆን የሚያደርገውን ነው ያደረግሽው አልኳት፤ እውነቴን ነበር፤ ቢሆንም አለቀስን።

እንግዲህ ዶክተሯ ስለ ሚኒባሱ ወንበር ስትነግረን አባቴን ምን እንዳገኘው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከወንበሩ ተነስቶ «ሽብልቅ ነው በይኛ ልጄ!» አላት። ቃሉን አታውቀውም፤ አስረዳት፤ «አዎ አባባ፣ በትክክል እሱን ነው» አለችው ደስ ብሏት። «ይኼ ነገር ያኔም ነበር?» አላት፣ ወደ እኔ በዱላው እያሳየ። «ነበር አባባ። እዚህ ግን አልነበረም» አለችው። ከዚያ የዚያን ሁሉ ዓመት ጥያቄውን ጠየቃት፤ ያኔ ባይነቀል ኖሮ ፍንጭቷ ይቀር ነበር ወይ አላት። ዶክተሯ እኔን ቀርባ አየችኝ። በሰባት በስምንት ዓመት የሚታይ ክፍት ብዙ ጊዜ ክራንቻ ሲወጣ በራሱ ይገጥማል፣ የአንዳንዱ ይቀራል፤ ክራንቻዎቿን ከሰልፍ ያስወጣው መነቀሉ ነው፣ ስለ ፍንጭቱ ግን ማንም አያውቅም አለችው። አባቴ መልሶ ተቀመጠ። ማንም አያውቅም የሚለውን ቃል ቤት እስክንደርስ ለብቻው ሲደጋግመው ሰማሁት። በማግስቱ ነው መናኸሪያ መመላለስ የጀመረው።

ዛሬም አባቴ ያንኑ ወንበር ይዟል። ዶክተሯ ሳቅ ብላ ትለምናለች፤ ፍሬ ጥርሷን ነክሳለች። እኔ አባበልኩ፣ ከዚያ ተቆጣሁ፣ ከዚያ በቁጣዬ አፈርኩ። ደጅ የሚጠብቅ ሰው አለ። ዶክተሯ ሰዓቷን አየችና በለሆሳስ በግድ አልሠራም፣ ሌላ ቀን ትምጣ ብንልም ክፍቱ እየጠበበ ነው አለችኝ። ያኔ የአባቴ ዱላ ወለሉ ላይ ሲመታ ሰማሁ። ተነስቶ መጥቶ ፍሬ ፊት ቆመ።

«አንቺ፣ የሙጃውን ሰውዬ ነግሬሽ አላውቅም አይደል?»

ፍሬ በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች ራሷን ነቀነቀች። ጀመረ። ገብሱን ጫነ፣ ፈረንጁን አመጣ፤ ድምፁ ተሸርፏል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ረስቶት ቆመ፤ እኔ «ጆሮዋን አቃናላት» አልኩ፣ ሳላስበው። አየት አደረገኝና ቀጠለ። «ቆይ! አልሳቀችም እኮ!» አለ፣ የዶክተሯን ወንበር ሆድ እየኮረኮረ። ገብሱ ፈሰሰ። አባቴም በዚያ በነጭ ክፍል ውስጥ፣ ጥርስ ያልቀረበትን አፉን ወደ ጣሪያው ከፍቶ አናፋ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የድሮው፣ እውነተኛው ማናፋት። ፍሬ አፏን በሰፊው ከፍታ ተንከተከተች። ዶክተሯ ሳቀች። ደጅ የነበሩት ሴቶች በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። እኔን ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ሆዴን ይዤ ግድግዳው ላይ ተደግፌ ነበር፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፤ ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም።

ፍሬ ሳቋ ሳይበርድ «እሺ» አለች። ዶክተሯ ቀለበቷን አስጠጋች። ግማሽ ሄዳ ቆመች። አወጣቻት፣ ዘወር አድርጋ እንደገና አስገባቻት፤ ትንሽ እንጨት ሰጥታ «ንከሺ» አለቻት፤ ፍሬ ነከሰች፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቆርቆሮው ላይ እንደሰማሁት ያለ።

«ገባች» አለች ዶክተሯ።

አባቴን ደስ ይበለው ብዬ ዘወር ስል ቀለበቷን አያይም። እኔን ያያል፤ ግንባሬን ሳይሆን አፌን፣ ዐይኔን፣ መላ ፊቴን። እጄ ልማዷን ተከትላ ወደ አፌ ስትነሳ በዱላው መለስ አደረጋት።

«ተይው። እናትሽ እንዲህ ነበር የምትስቅ» አለኝ። «ዐይኗን ጨፍና። ትከሻዋን ሰብቃ። መቆም እያቃታት። እኔ ቂሉ ጥርስ ጥርሷን ስፈልግ…»

እኔ ያሰብኩት እነዚያን ምሽቶች ነው፤ እሱ እግሩን ታጥቦ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ሁለታችንም ሞታለች ብለን ዝም ያልንባቸውን፤ እናቴ በየምሽቱ ደጃችን መጥታ አህያዋን ስትጠብቅ፣ እኛ ሳናስገባት የቀረንባቸውን። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። ዘመኑ ሄዷል። እሱን የሚመልስ ሐኪም የለም።

ወደ ቤት ስንወጣ ፍሬ ምላሷን አዲሲቱ ቀለበቷ ላይ እያመላለሰች በመሀላችን ትሄዳለች። ጥቂት እንደሄድን የአያቷን ጋቢ ጎተተች።

«አባባ፣ አህያዋ ግን ኋላ ምን ሆነች?»

አባቴ ቆመ፤ መጀመሪያ እኔን አየኝ።

«አለች» አላት። «ሙጃ ናት። አለች።»